ለእህቴ ልጅ፦ ግራ የሚያጋባ ፊልም ስታዪ

ልጄ፣ ጓደኛሽ በፍላሽ የሰጠችሽን የሴኔጋል ፊልም ገና ከመግቢያው እንዳቋረጥሽው ስትነግሪኝ «ጋሼ፣ ታሪኩ የቱ ጋ ነው?» አልሽኝ። በስልክ የሚያልቅ ጥያቄ አይደለምና ጽፌልሻለሁ። ፊልሙ ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ የተባለ የዳካር ልጅ እ.ኤ.አ. በ1973 የሠራው «ቱኪ ቡኪ» ነው። ሰውየው የፊልም ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ በጀቱም 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ያዘዘው ኩባንያ ስላልነበረ እጅሽን ይዞ የመምራት ግዴታ አልነበረበትም። እንዲህ ያለውን ፊልም ለማየት ትንሽ መልመድ ይፈልጋል።

1. አክተሩን ፍለጋ አትግቢ።

እኛ ፊልም ስናይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «አክተሩ የቱ ነው?» ነው። አክተሩ ከታወቀ የቀረው ቀላል ነው፤ ይመታል፣ ያሸንፋል፣ አይሞትም። ይህ ልማድ እኛ ጎንደር ውስጥ ሥር አለው። ፒያሳ ያለውን ሲኒማ ቤት የሠራው ጣልያን ነው፤ ጣልያን ከወጣ በኋላም የከተማው ልጆች የውጭ አገር ፊልም እያዩ አድገዋል። ከእነሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ የተወለደው የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ ነው። ልጅ ሳለ ከሲኒማ ሲወጡ በከተማው ዙሪያ ያሉት ተራሮች ላይ የካውቦይና የኢንዲያን ጨዋታ ይጫወቱ እንደነበር፣ ልባቸውም ከካውቦዮቹ ጋር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እስቲ አስቢው። አባቱ ገሪማ ታፈረ የጎንደር አርበኞችን ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» ብለው የጻፉ ሰው ናቸው። አባት አገሩን ለወራሪ አልሰጥም ያለውን ሰው ታሪክ ሲሰበስብ፣ ልጅ ተራራ ላይ ወጥቶ የሰው አገር ለሚቀማው ይጨበጭባል። ማንም አላስገደደውም። ለማን ማዘን እንዳለበት ፊልሙ አስቀድሞ ወስኖለት ነበር፤ ያ ብቻ በቂ ነው።

ግራ የሚያጋባሽ ፊልም ይህን ውሳኔ ለአንቺ ይተወዋል። የ«ቱኪ ቡኪ»ው ሞሪ ይሰርቃል፣ ይዋሻል፣ ያልማል፣ በመጨረሻም ይፈራል። ውደጂው ወይም ጥዪው የሚልሽ የለም። አንቺን ያደከመሽ ይሄ ይመስለኛል፤ ልጄ፣ ድካሙን ታገሺው።

2. ዓይንሽን አታዙሪ።

ያቋረጥሽው ቄራው ላይ ነው። አንድ ልጅ በሬ ላይ ተቀምጦ መንጋውን እየመራ ይመጣል፣ ቀጥሎ ደም። ዳባት ተወልዶ ያደገ ሰው እርድ ያስደነግጠዋል ብዬ አላምንም፤ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ሳህን ይዘሽ ትቆሚ ነበር። የከበደሽ ካሜራው ፈቀቅ አለማለቱ ነው። ያ በሬ ግን ያለ ምክንያት አልታረደም። የዚያ ዓይነት በሬ ቀንድና የራስ ቅል በሞሪ ሞተር ሳይክል መሪ ላይ ታስሮ ዳካርን ሲዞር ታገኚዋለሽ። ኋላም ሞሪ ወደ ፓሪስ የሚወስደው መርከብ መሰላል ላይ እግሩን ሲያነሳ፣ ወደ ቄራ የሚጎተተው በሬ በሐሳቡ ይመጣበታል። ያኔ ሞሪ ዞሮ ይሮጣል። ለምን እንደሮጠ በቃል የሚነግርሽ የለም፤ መግቢያውን ያየ ሰው ግን መንገር አያስፈልገውም።

3. ጊዜው ሲደበላለቅብሽ አትደንግጪ።

እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ግድግዳዎቹ ላይ ጌታ ሲወለድም ሲሰቀልም ታያለሽ፣ እመቤታችንም ደጋግማ ትመጣለች። «የቱ ነው የቀደመው?» ብለሽ ግራ ተጋብተሽ አታውቂም። የኃይሌ «ጤዛ»ም እንደዚያው ነው። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አብዮቱን አዲስ አበባ አይቶ፣ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል፤ ፊልሙ ግን ከመመለሱ ጀምሮ ወደኋላም ወደፊትም ይዘላል። የሰውየው ትዝታ የመጣው በዚያ ተርታ ነውና። ያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት ወስዷል።

4. ዝግ ያለውን ፊልም በፍጥነት አታጫውቺ።

አሁን አሁን ልጆች ፊልሙን አፍጥነው ሲያዩ አያለሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያናድደኛል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ብታፈጥኚው የሚቀርሽ ነገር የለም። ኃይሌ ገና ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዘመን፣ አገር ቤት መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ያነሳው ሥራ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ገበሬው ሲያርስ እውነተኛ እርሻ የሚወስደውን ጊዜ ያህል ያርሳል። ባለመሬቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያያቸዋል፣ ይቆጣጠራቸዋል። ካሜራው ከእሱ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ እሱ ይመላለሳል። ቀኑ አያልፍም። ተመልካቹ ሲሰለቸው ገበሬው ምን ሊሆን ነው? ከበበ የሚባል እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው አለ፤ ሌላው የማይደፍረውን እውነት የሚናገረው እሱ ነው። አንቺ ከከተማ ተመልካች የተሻለ ታዪዋለሽ፤ ሞፈርና ቀንበር ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቂያለሽ።

5. ትርጉም አትጠብቂ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ሲያናግርልን ጆሯችን ተንደላቅቋል። እንደ «ቱኪ ቡኪ» ያለውን ፊልም የሚተረጉምልሽ የለም። ሰብታይትሉን አንብቢ፤ ሲያመልጥሽም ፊታቸውን እዪ።

6. ራስሽን ብታገኚበት አትሽሺ።

የ«ቱኪ ቡኪ»ዋ አንታ፣ የሞሪ ፍቅረኛ፣ እንዳንቺ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እሷና ሞሪ ዳካር ጠቧቸዋል፤ የፓሪስ ዘፈን በጆሯቸው እየደጋገመ ይጮሃል፤ የመርከብ ትኬት ገንዘብ ፍለጋ ይሰርቃሉ። ከብረው ሲመለሱ ሕዝብ ተሰልፎ ሲቀበላቸው ሳይቀር ያልማሉ። ይህን ታሪክ ዳካር ድረስ ሄደን መስማት አያስፈልገንም። በአዘዞ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ስንቱ ልጅ ይዞት ሱዳን፣ ከዚያም ሊቢያ እንደገባ ታውቂያለሽ። አብረውሽ የተማሩም አሉበት። እኔ እነሱን አልወቅስም። ማምቤቲም አልወቀሰም፤ አንታ መርከቡ ላይ ቀርታ ትሄዳለች፣ ሞሪ ይመለሳል፣ ማን ልክ እንደሆነ አይፈርድም። እኛ ቤት ውስጥ ስለ ስደት ስናወራ ወይ እርግማን ነው ወይ ምርቃት፤ ይህ ፊልም የሄደውንም የቀረውንም እኩል አየልን።

ይህንም ልጨምርልሽ። የዳይሬክተሩ የወንድም ልጅ ማቲ ዲዮፕ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሺህ ፀሐዮች» የሚል አጭር ፊልም ሠራች። ሞሪን የተጫወተው ማጋዬ ኒያንግ አርጅቶ፣ ከብት እየነዳ፣ እዚያው ዳካር ነው። አንታን የተጫወተችው ማሬም ኒያንግ ደግሞ ባሕር ተሻግራ ሄዳለች። የዚያን ጊዜ ልጆች በፊልሙ የተጫወቱት በኑሯቸው ደረሰባቸው። ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ብታዪ ደስ ይለኛል።

7. ካልወደድሽው አልወደድሽውም።

እንግዳ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው አልልሽም። ባዶነቱን በጭጋግ የሚሸፍን ፊልም ሞልቷል፤ ዳይሬክተሩ የሚለው ሲያጣ ዝም ብሎ ግድግዳ ያሳይሻል። ገባኝ ብለሽ ለሰው አታስመስዪ። ብቻ እስከ መጨረሻው እዪውና የቱ ጋ እንደከዳሽ ለይተሽ ንገሪኝ። «ደባሪ ነው» ብቻ ካልሽ አልቀበልሽም።

8. ለብቻሽ አትዪ።

ፊልም ሰው ሰብስቦ አብሮ የሚታይ ነገር ነው። ኃይሌ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 ጨረሰ። አንዲት ዘመናዊ ጥቁር ሞዴል ጋና ውስጥ ባሪያ ይጫንበት በነበረ ምሽግ ፎቶ ስትነሳ ወደ ባርነቱ ዘመን ትወሰዳለች፤ ታሪኩ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ ጠፋ። እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ግን ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ፤ ሕዝቡም በሰልፍ ገባላቸው። ኋላ ዋሽንግተን ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያው ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ።

እናንተም ዶርም ውስጥ በስልክ ከምታጮልቁ ፕሮጀክተር ተዋሱና ክፍል አስፈቅዱ። መብራት ሊሄድ ይችላልና ላፕቶፑን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉት። ሲያልቅ ወዲያው አትበተኑ። እያንዳንዱ ሰው ያየውን አንድ ነገር ይናገር፤ የሰማውን ወይም ያነበበውን ትንታኔ አይደለም፣ በዓይኑ ያየውን። «በሬው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር» ያለ ሰው ስለ ሲኒማ ብዙ ከተናገረው ይበልጣል። የምታሳዪበትን ቀን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ እኔም እመጣለሁ።