የሆኪ ካርድ፣ የገና ዱላና አዲሱ መምህር



የዛሬው ርዕሳችን ሲሰሙት ከእኛ ኑሮ የራቀ ይመስላል። «የፎገራ ሜዳና የበረዶ ሆኪ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ሁለት ጥቅም እናገኝበታለን። አንደኛ፣ ሰው ጨርሶ የማያውቀውን ጨዋታ ካርድ እየሰበሰበ እንዴት ሊማረው እንደሚችል እንረዳለን። ሁለተኛ፣ የራሳችን ሆኪ የሆነው የገና ጨዋታ በየመንደሩ ያለ መዝገብ ተጫውቶ የሚበተን በመሆኑ፣ ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ምን ልንሠራ እንደምንችል እናስባለን።

ሀ. የሆኪ ካርድ ምንድነው?

የሆኪ ካርድ የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ከጠንካራ ወረቀት የምትሠራ ካርድ ናት። በፊቷ የአንድ ተጫዋች ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ፣ ስሙ፣ ቡድኑና የሚሰለፍበት ቦታ ይታተምባታል። በጀርባዋ ደግሞ የትውልድ ቀኑና ቦታው፣ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ እንዲሁም በየዓመቱ በሜዳ የሠራው ሥራ በቁጥር ይዘረዘራል። እያንዳንዷ ካርድ ተራ ቁጥር አላት። ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ያሉት ሲሟሉ «ሙሉ ስብስብ» ይባላሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው በካናዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ኢምፔሪያል ቶባኮ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ 36 ካርዶች ያሉት ስብስብ አሳትሞ ከሲጋራ ፓኮ ጋር አወጣ። ዓላማው ንግድ ነበር፤ አንዱን ያገኘ ሰው ሌላውን ለማግኘት ደግሞ ይገዛልና። በ1930ዎቹ ካርዱ ከማስቲካ ጋር መሸጥ ጀመረ። በዚህም በካናዳ የለንደን ከተማ የነበረው ኦ ፒ ቺ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ ስሙ ይነሣል። ማስቲካው ልጆቹን አመጣ። ልጆቹ ድርብ የሆነባቸውን ካርድ ይለዋወጡ፣ የጎደላቸውን ይፈልጉ ጀመር። ይህ እንኳ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቆርኪ ያልሰበሰበ፣ ብይ ያልተለዋወጠ የከተማ ልጅ ማን አለ?

ለ. ካርዱ እንዴት ይነበባል?

ስለ ሆኪ ምንም የማያውቅ ሰው የካርዱን ፊት አይቶ ሊያስቀምጠው ይችላል። ትምህርቱ ያለው ግን ከጀርባው ነው። በተለመደው ካርድ ላይ አምስት ዓምዶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ተጫዋቹ የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ብዛት ነው። ሁለተኛው ያገባቸው ጎሎች ናቸው። ሦስተኛው ለጓደኛው አመቻችቶ አቀብሎ ጎል ያስገኘባቸው ናቸው። አራተኛው የሁለቱ ድምር ሲሆን «ነጥብ» ይባላል። አምስተኛው በጥፋት ምክንያት ከሜዳ ወጥቶ የተቀመጠባቸው ደቂቃዎች ናቸው።

እንግዲህ አዲስ ገቢው እነዚህን አምስት ዓምዶች ከተረዳ የጨዋታውን ግማሽ ሕግ አወቀ ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ እያንዳንዱ ዓምድ ጥያቄ ያስነሣል። ማቀበል ለምን ይቆጠራል? በበረዶ ሆኪ ለአንድ ጎል እስከ ሁለት አቀባዮች ስለሚመዘገቡ ነው። በደቂቃ መቀጣት ምን ማለት ነው? አጥፊው ወጥቶ ሲቀመጥ ቡድኑ ብዙውን ጊዜ በሰው ጎድሎ ስለሚጫወት ነው። በረዶው ላይ ከእያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው ይሰለፋል፤ ጨዋታው በ20 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይካሄዳል። የሚመታው ነገር ኳስ ሳይሆን ፓክ የሚባል፣ ከጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ካናዳዊው ዌይን ግሬትዝኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ ሲሰናበት 894 ጎሎች አግብቶ፣ 1,963 ጊዜ አቀብሎ ነበር። ድምሩ 2,857 ነጥብ ነው። ልብ በሉ፤ ያቀበለው ካገባው ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ሊግ ማንም ሌላ ተጫዋች ጎሉና ማቀበሉ ተደምሮ እንኳ 1,963 አልደረሰም። ጎሉን ብቻ ያየ ሰብሳቢ ስለ ግሬትዝኪ ትልቁን ነገር ሳያይ አለፈ ማለት ነው።

የታተመበትን ዓመት ማየትም ያስፈልጋል። የ894 ጎሉን ክብረ ወሰን ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኦቬችኪን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አልፎታል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የታተመ ካርድ «ብዙ ጎል ያገባ ግሬትዝኪ ነው» ቢል ውሸት አልተናገረም፤ የዘመኑን ተናገረ። ካርድ የአንድ ቀን ምስክር ነው፤ ቀኑ ካልታወቀ ምስክርነቱ ይጎድላል።

ሐ. ዋጋና ዕውቀት

ስለ ሆኪ ካርድ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። በእርግጥ የሚገርም ዋጋ አለ። ኦ ፒ ቺ ለ1979-80 የውድድር ዘመን ያወጣው 18ኛ ቁጥር የሆነው የግሬትዝኪ የመጀመሪያ ካርድ፣ አንዱ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2021 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ታዲያ ያው ካርድ፣ ያው ፎቶግራፍ፣ ያው ቁጥር ያለበት ሌላ ቅጂ ማዕዘኑ ስለታጠፈ ብቻ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። የዚያ ካርድ ዙሪያው ሰማያዊ በመሆኑ ጥቂት ቢላላጥ እንኳ ነጩ ወረቀት ይታያል፤ ልጆች ደግሞ በኪሳቸው ይዘውት ይዞሩ ነበር። ሳይነካ የቀረው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ከዚህ መጣ።

ከዚህ የምንማረው ምንድነው? ገበያው የሚከፍለው ለማዕዘኑ ንጽሕና ነው። ጀርባው ላይ ያለው ዕውቀት ግን በታጠፈውም ባልታጠፈውም እኩል ነው። ስለዚህ ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው እንዲህ ቢጀምር ይሻለዋል፦

1. አስቀድሞ ጨዋታውን ይመልከት፤ ቢያንስ የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ።
2. ወሰን ያብጅ። አንድ ቡድን፣ ወይም አንድ ዓመት፣ ወይም በረኞችን ብቻ ይምረጥ። ሁሉን ልሰብስብ ያለ አንዱንም አያውቅም።
3. አዲስ ካርድ ባገኘ ቁጥር ጀርባውን አንብቦ አንድ ያልገባውን ነገር ይጠይቅ።
4. ከመግዛት በፊት ይለዋወጥ። በካርድ መቆመር ግን የልጅን ገንዘብም ጠባይም ያበላሻል።
5. ካርዱን ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምስጥ ጠብቆ ያኑር።

መ. የእኛስ ሆኪ?

ገና የበዓሉም የጨዋታውም ስም ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ይውላል። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ ደስ ብሏቸው በዱላቸው ተጫወቱ የሚለው የአበው ትረካ ጨዋታውን ከዕለቱ ጋር ያያይዘዋል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ከጠንካራ እንጨት የተቆረጠ ነው። የሚመታውን ድቡልቡል አንዳንዱ አገር ሩር፣ ሌላው ጥንግ ይለዋል። በመንደር ጨዋታ የሰው ቁጥር አይወሰንም፤ የመጣ ሁሉ ከሁለት ወገን ይሰለፋል። በዛሬው ዘመን የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ጨዋታውን ደንብ አውጥቶለት ያወዳድራል። በመንደር ግን ሕጉ ያለው በተጫዋቾቹ አፍ ነው።

በበረዶ ሆኪ ጥፋት በደቂቃ ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ጌታውና ሎሌው፣ ሽማግሌውና ጎረምሳው በዚያች ቀን እኩል ናቸው፤ ያሸነፈው ተሸናፊውን በግጥም ቢሰድበው ቂም የለም። እንዲህ ያለውን ልዩነት በካርድ ጀርባ ብናሰፍረው ለታሪክ መምህሩም ለአማርኛ መምህሩም ትምህርት ይሆናል።

አሁን ወደ ፎገራ እንምጣ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከጣና ምሥራቅ የተዘረጋው ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ውኃ የሚተኛበት፣ በጋ ሲሆን ሣሩ የሚተርፍ የከብት አገር ነበር። የፎገራ ከብት ስሙ የወጣው በዚህ ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ግን ብዙው ግጦሽ ማሳ ሆኗል። ሩዙ እንደ ተነሣ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ሩዙን ልንወቅስ አይደለም፤ ዛሬ የፎገራ እንጀራም ጠላም ሩዝ ገብቶበታል። ነገር ግን የተዘራ ማሳ ላይ ገና አይመታም። ልጅ ዱላ አያያዝን የሚማረው በግጦሽ ላይ ከታላቁ እረኛ ነበር። ሜዳው ሲጠብ ይህ ትምህርት ቤትም ይጠባል። እንግዲህ ዱላው ከምን እንጨት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚቆለመም፣ የትኛው ሜዳ የማን ወገን እንደነበረ የሚያውቁት አባቶች ሳሉ መጻፍ አለበት።

ሠ. የገና ካርድ በክፍል ውስጥ

ከሌላ አገር መጥቶ በፎገራ ቀበሌ ትምህርት ቤት የሚመደብ አዲስ መምህር ለጨዋታው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይህ ነውር አይደለም። ተማሪዎቹ ከእሱ የበለጠ የሚያውቁት ነገር መኖሩ እንዲያውም መልካም አጋጣሚ ነው። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ክፍሉ የመጀመሪያውን የካናዳ ስብስብ ምሳሌ አድርጎ 36 ካርድ ያዘጋጅ። ከአሮጌ ካርቶን 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል በ9 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት፣ በፊቱ ሥዕል በጀርባው ጽሕፈት ይደረግበት። ካርዶቹ በአራት ይከፈሉ፦

የሰው ካርድ። የጥንት ተጫዋች የነበሩ አባት፣ ዱላ ቆራጭ፣ የዛሬ ተጫዋች ልጅ። የትውልድ መንደር፣ መጫወት የጀመሩበት ዕድሜ፣ የሚሰለፉበት ወገን ይጻፋል።

የዱላ ካርድ። የእንጨቱ ስም፣ ቁመቱ በሳንቲ ሜትር፣ የቆለመመበት መንገድ፣ የተቆረጠበት ወር።

የሜዳ ካርድ። የሜዳው ስም፣ በእርምጃ የተለካ ርዝመቱ፣ ዛሬ ግጦሽ ነው ወይስ ማሳ?

የቃል ካርድ። ለድቡልቡሉ፣ ለዱላው፣ ለማግባት፣ ለማሸነፍ በዚያ መንደር የሚነገረው ቃል። መምህሩ የራሱን አገር ቃል አይጫን፤ ልጆቹ የሚሉት ይጻፍ።

አባቶችን ለመጠየቅ የሚሄዱ ልጆች አስቀድመው ጥያቄያቸውን ይለማመዱ። «አባቴ፣ እርስዎ በልጅነትዎ የገና ዱላ ከምን እንጨት ይቆርጡ ነበር? ማንስ አሳየዎት?» ብሎ መጀመር በቂ ነው። መልሱን አያቋርጡ። ስማቸው በካርድ እንዲጻፍ መፍቀዳቸውንም ይጠይቁ፤ ሲጠናቀቅም ካርዱን ወስደው ያንብቡላቸው። አባት «ይኼስ እንዲህ አይደለም» ካሉ ይታረማል። የካርድ መምህር ማለት እንዲህ ነው።

በጨዋታው ዕለት ሁለት ልጆች ቆጣሪ ይሁኑ። አንዱ ያገባውን፣ ሌላው ያቀበለውን በጭረት ይመዝግብ። የሚያቀብለው ልጅ ብዙ ጊዜ ጭብጨባ አያገኝም፤ በካርዱ ላይ ግን ስሙ ይቀራል።

ረ. ጥንቃቄ

ድቡልቡሉ ከእንጨት ከሆነ ቅልጥም ይሰብራል። በትምህርት ቤት ግቢ ከጨርቅ ወይም ከቆዳ የተሠራ ይሁን፤ ዱላም ከጉልበት በላይ አይነሣ። ሴቶች ልጆች «ይህ የወንድ ጨዋታ ነው» ተብለው ከሜዳውም ሆነ ከመዝገቡ ሥራ አይገለሉ። ካርዱ ልጆችን በደረጃ ማስቀመጫ አይሁን። ሲጠናቀቅም በካርቶን ሣጥን ተደርጎ፣ የዘመኑ ዓ.ም. ተጽፎበት፣ መሬት በማይነካ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። መምህሩ ሲዛወር ሣጥኑ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ተከታዩ መምህር ደግሞ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ከዚያ ይጀምራል።

መልመጃ

1. አንድ ተጫዋች በ8 ጨዋታ 3 ጎል አግብቶ 5 ጊዜ አቀበለ። ነጥቡ ስንት ነው? በአንድ ጨዋታ በአማካይ ስንት ይደርሰዋል?
2. ጎል ብቻ ቢቆጠር ይህ ተጫዋች ምን ይቀርበታል? በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።
3. እያንዳንዱ ሠልጣኝ በተወለደበት አካባቢ የገና ጨዋታ ድቡልቡል ምን እንደሚባል ጠይቆ አንድ የቃል ካርድ ያዘጋጅ። የመረጃውን ባለቤት መንደርና የተጠየቀበትን ቀን በጀርባው ይጻፍ። የተሰበሰቡትን ካርዶች በዚሁ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን እንለጥፋቸዋለን።