ተነሥቶ የሚጠፋ ጄኔሬተር፦ የሚቆምበት ሰዓት የብልሽቱ ምስክር ነው

ድርቅ ባጠቃው ወይም አዲስ ሰፋሪዎች በገቡበት አካባቢ የሚቋቋም የእርዳታ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከመብራት መሥመር የራቀ ነው። የጕድጓድ ውኃ የሚስበው ፓምፕ፣ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፣ የሌሊት ሕክምና የሚሰጥበት ድንኳን መብራትና የመገናኛ ሬድዮው ሁሉ በአንድ አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር ላይ ተንጠልጥለው ይገኛሉ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት የሚገባው በመሆኑ፣ ማሽኑ በቆመ ቍጥር የሚደርሰው ጉዳት በጨለማ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

ጨርሶ የማይነሣ ጄኔሬተር ምርመራው ቀላል ነው። ሠራተኛን የሚያደክመው ተነሥቶ፣ ጥቂት ሠርቶ የሚጠፋው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለመስክ ዘገባ በደረሰበት በአንድ የእህል ማከፋፈያ ጣቢያ ጄኔሬተሩ በየሩብ ሰዓቱ ይጠፋ ነበር። ሠራተኞቹ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈትተው ገጠሙ፤ ካንዴላም ለወጡ፤ ለውጥ ግን አልተገኘም። ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ከሩቅ ወንዝ በጀሪካን ሲቀዳ ከዋለ በኋላ፣ አንድ ሹፌር የነዳጅ ታንኩን ክዳን ሲከፍት አየር እያፏጨ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማ። በክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራና በዘይት ተደፍና ኖሯል። ቀዳዳዋ በመርፌ ተጠረገች፤ ማሽኑም እስከ ማታ ሳይቆም ሠራ።

ሁለቱ ቀናት የባከኑት መሣሪያ ወይም ዕውቀት ጠፍቶ አልነበረም። ማሽኑ በየሩብ ሰዓቱ እንደሚቆም ሁሉም አይቷል፤ ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚቆም የጠየቀ ግን አልነበረም። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሣት በፊት የእጅ ሰዓትና ወረቀት ማንሣት ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የቆመው ሞተሩ ነው ወይስ ኤሌክትሪኩ?

ሞተሩ እየሠራ መብራቱ ብቻ ከጠፋ፣ ጭነት ሲበዛ ራሱን የሚያቋርጠው መከላከያ ተቋርጧል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የተሰኩትን ሁሉ ነቅሎ፣ መከላከያውን መልሶ፣ አንድ በአንድ መሰካት ነው። የፓምፕ ወይም የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ በመደበኛ ሥራው ከሚፈልገው ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ኃይል ይጠይቃል። ፓምፑንና ማቀዝቀዣውን ባንድ ጊዜ ማስነሣት ጤነኛውንም ጄኔሬተር ይጥለዋል። የቆመው ሞተሩ ራሱ ከሆነ ግን ምርመራው እንደሚከተለው ይቀጥላል።

ሀ/ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሲጠፋ

በመጀመሪያ የዘይት መጠን ይታያል። ብዙዎቹ ማሽኖች ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ ጠባቂ አላቸው። ጄኔሬተሩ ተዳፋት ላይ ከተቀመጠ ዘይቱ ሳያንስም ጠባቂው ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ማሽኑን በደልዳላ መሬት አኑሮ መለካት ግዴታ ነው። ዘይቱ ሙሉ መሆኑ ሳይረጋገጥ የጠባቂውን ሽቦ ነቅሎ ማሠራት ሞተሩን ማቃጠል ነው።

ዘይቱ ትክክል ከሆነ፣ ቾክ ተዘግቶ ሲሠራ ቆይቶ ቾክ ሲከፈት ወዲያው የሚጠፋ መሆኑን ተመልከቱ። እንዲህ ከሆነ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ቀጭን የቤንዚን መተላለፊያ በቆሻሻ ጠብባለች። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ለወራት ታንክ ውስጥ የቆየ ቤንዚን ነው፤ ሲተንን ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ቀዳዳዋ በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ግፊት ትጠረጋለች፤ በሽቦ መጎርጎር ግን ልኳን ያበላሻል።

ለ/ ከአምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ሲጠፋ

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ የመራብ ምልክት ነው። ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ከፍ ዝቅ እያለ ይንገዳገዳል። በቅድሚያ የክዳኑ መተንፈሻ፣ ቀጥሎ የነዳጅ ማጣሪያው፣ በመጨረሻም የነዳጁ ንጽሕና ይመረመራል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከካርቡሬተሩ ሥር ካለው ጽዋ ጥቂት ቤንዚን በጠርሙስ ቀድቶ ማቆየት ይበቃል። ቤንዚን ከውኃ የቀለለ ስለሆነ፣ ውኃ ካለ ከጠርሙሱ ግርጌ ተለይቶ ይታያል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የአየሩን እርጥበት ስለሚስብ ይበልጥ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ሐ/ በደንብ ሲሞቅ ብቻ ሲጠፋ

ግማሽ ሰዓት ያህል አርፎ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ፣ ሲሞቅ ደግሞ መልሶ የሚጠፋ ከሆነ፣ የእሳቱ ብልጭታ መጠርጠር አለበት። እንደጠፋ ወዲያው፣ ትኵሳቱ ሳይወርድ ካንዴላው ብልጭታ መስጠቱን በብልጭታ መሞከሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ ፍተሻው ቤንዚን ካለበት ራቅ ብሎ ይደረግ። ሲሞቅ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ብልጭታ የቦቢና ድካም ነው፤ ይህም በመለወጥ እንጂ በማጽዳት አይድንም። ብልጭታው ጤነኛ ከሆነ የማቀዝቀዣ አየር መግቢያው በገለባ ወይም በአቧራ አለመዘጋቱን ተመልከቱ።

መ/ ጭነት ሲሰጠው ሲጠፋ

በአቧራማ ጣቢያ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው። የስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት ዘይት ረጥቦና ተጨምቆ ይመለሳል፤ የወረቀት ማጣሪያ ግን አይታጠብም።

የቦታው ከፍታም አይዘንጋ። አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት 5 ኪሎዋት የተባለ ማሽን 2,400 ሜትር ላይ ከ3.6 ኪሎዋት ብዙም አይበልጥም። በቆላ ልክ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ስለሚያበዛ፣ ጥቁር ጭስና በጥላሸት የረጠበ ካንዴላ ይታያል። ለዚህ የከፍታ ልክ መተላለፊያ ይገጠምለታል። ያው ማሽን ከሰፋሪዎች ጋር ወደ ቆላ ሲወርድ ግን የቀድሞው ካልተመለሰለት ቤንዚን እያነሰው ከመጠን በላይ ይሞቃል። ማሽን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚያዛውር ኃላፊ ይህን በርክክብ ሰነዱ ላይ ሊያሰፍር ይገባል።

በምርመራ ጊዜ የማይጣሱ ደንቦች

1ኛ/ ማሽኑ ደጋግሞ ሲጠፋ፣ በተለይም በዝናብና በሌሊት፣ ወደ መጋዘን ወይም ወደ ድንኳን አስገብቶ የመሞከር ፈተና ይመጣል። ይህ ሰው የሚገድል ስሕተት ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሳይነቃ ይገድለዋል። ጄኔሬተር ምንጊዜም በውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭሱ አቅጣጫ ከሰው ተመልሶ መቀመጥ አለበት። ለዝናቡ ጐኑ ክፍት የሆነ ዳስ ይበቃዋል።

2ኛ/ ነዳጅ የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

3ኛ/ ምርመራው ሳይጀመር የክትባቱ ኃላፊ ይነገረው። የማቀዝቀዣው በር አይከፈትም፤ ጥገናው የሚዘገይ ከሆነ ክትባቱ በደንቡ መሠረት ወደ በረዶ ሣጥን ይዛወራል።

4ኛ/ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ከዚያም ይሞከር። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢሠራም እንኳ መድኃኒቱ የትኛው እንደነበረ አያውቅም።

ማጠቃለያ

እያንዳንዱ ጣቢያ ከጄኔሬተሩ ጋር አንድ ደብተር ሊኖረው ይገባል። በደብተሩ የሚሰፍሩት አምስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የተነሣበት ሰዓት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ጭነት፣ የዘይቱ መጠን፣ ነዳጅ የተቀዳበት ቀን ናቸው። መካኒክ ከከተማ ሲመጣ «እምቢ ብሏል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ፣ ተንገዳግዶ ይጠፋል» የሚል አንድ መሥመር የግማሽ ቀን ሥራ ያቃልልለታል። መካኒክ በማይደርስበት ጣቢያ ደግሞ ያችው መሥመር ሠራተኛውን ራሱን ወደ ክዳኑ ቀዳዳ ትመራዋለች።