ምዕራፍ 7፦ ከፓስፖርቱ በፊት

ከልጅነትህ ጀምሮ «ጌታ ወደ ሩቅ አገር ይልከኛል» ስትል ኖረሃል። ሥራ ያዝክ፣ ዕድሜህም ገፋ፤ ሐሳቡ ግን አልለቀቀህም። እንግዲህ ለብቻህ መብሰልሰሉን ተውና ለአጥቢያህ ሽማግሌዎች ንገራቸው። በርናባስና ሳውል ከአንጾኪያ የወጡት ጉባኤው ጾሞ፣ ጸልዮና እጁን ጭኖ ካሰናበታቸው በኋላ ነው (ሐዋ. 13)። ሽማግሌዎቹ «ቆይ» ካሉህ ቆይ።

ከሁሉ አብልጬ የምመክርህ ግን ይህን ነው፤ ፓስፖርት ከማውጣትህ በፊት እዚሁ አገር ቤት፣ ቋንቋውን በማታውቀው ሕዝብ መካከል አንድ ዓመት ኑር። የአዲስ አበባ ልጅ ነህ? ጂንካ ውረድና አሪኛ ተማር። ሰባኪ ነኝ ሳትል ቤት ተከራይ። አከራይህ ቡና ሲያፈሉ ዱካ ስበህ አጠገባቸው ተቀመጥ፤ የጀበናውን፣ የስኒውን፣ የፍሙን ስም አንድ በአንድ ጠይቃቸው። የሰማኸውን ማታ በደብተርህ ጻፍ፤ ጠዋት መልሰህ ተናገረው። ልጆች በአነጋገርህ ሲስቁ አብረህ ሳቅ። ጂንካ ላይ እንደ ሕፃን መኮላተፍ ያሳፈረው ሰው ባሕር ተሻግሮ አይበረታም።

የማውቀው አንድ ወንድም እንግሊዝኛውን ተማምኖ ወደ ደቡብ እስያ ሄደ። ሊያገለግላቸው የተመኛቸው የቀን ሠራተኞች ግን እንግሊዝኛ አይሰሙም። በአስተርጓሚ ሲሰብክ ቆየ፤ አስተርጓሚው ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ እሱም አፉ ተያዘ፤ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ።

በአንጻሩ እንግሊዛዊው ጫማ ሰፊ ዊልያም ኬሪ ሕንድ የገባው በ1793 እ.ኤ.አ. ነው። በሕንድ አገልግሎቱ ያገኘውን የመጀመሪያ አማኝ፣ አናጺውን ክሪሽና ፓልን፣ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነበር። ከነዚያ ሰባት ዓመታት በአብዛኞቹ የኢንዲጎ ማቅለሚያ ፋብሪካ እያስተዳደረ ቤተሰቡን ይመግብ፣ ቤንጋሊኛም ያጠና ነበር። በ1801 አዲስ ኪዳንን በቤንጋሊኛ አሳተመ። ሚስቱ ዶሮቲ ግን መጀመሪያ መሄዱን አልፈለገችም፤ በብዙ ውትወታ ነው የተከተለችው። እዚያ አንድ ትንሽ ልጃቸው ሞተ፤ እሷም አእምሮዋ ታውኮ እስክትሞት አልዳነችም። ስለዚህ የትዳር ጓደኛህ ከልብ «እሺ» ሳትል ትኬት አትቁረጥ። ለአገልግሎት ተብሎ ሚስትን መጎተት አገልግሎት አይደለም።

ስለ ገንዘብ ሳነሳ ልቤ ይቆስላል። በተልእኮ ጉባኤ ላይ እልል ብለን፣ ቃል ገብተን እንልካለን፤ ወራት ሲያልፉ የላክነውን ሰው ስልክ አናነሳም። ለድምፅ ማጉያና ለመድረክ መብራት ብር አይጠፋም፤ ለሚሲዮናዊው ሲሆን «የውጭ ምንዛሪ የለም» እንላለን። ይህ ኃጢአት ነው! አንተ የቤት ኪራይህ፣ ሕክምናህ፣ የልጆችህ ትምህርት ቤትና የመመለሻ ትኬትህ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረምልህ። ሙያም ይኑርህ፤ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። በነርስነት ቪዛ ከገባህ ግን በእውነት ነርስ ሁን፤ ወንጌል በውሸት ፎርም አይገባም።

ያረጁ ወላጆች ካሉህ ማን እንደሚጦራቸው ከእህት ወንድሞችህ ጋር ቁርጡን ተነጋገሩ። ክትባትም አትርሳ፤ ሕንድን የመሰሉ አገሮች ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይጠይቃሉ፤ ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ቀደም ብለህ ተከተብ።