«ፓርክ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዕለት ዕለት ከአፋችን የማይጠፋ፣ ትርጉሙን ግን ጠይቀን የማናውቀው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ እርሱም «ፓርክ» ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት አልፎ ደባርቅ የደረሰ ሾፌር «መኪናዬን ፓርክ ላድርግ» ይላል። አብሮት የመጣው እንግዳ ደግሞ «ነገ ፓርክ እገባለሁ» ይላል። አንደኛው መኪና ማቆም፣ ሁለተኛው የዋልያ አገር ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ነው። የመጀመሪያ ትርጉሙ የአደን አራዊት የሚጠበቁበት የታጠረ ቦታ ማለት ነበር። አጥሩ ለንጉሥና ለመኳንንት እንጂ ለድኻው አልነበረም። በለንደን የሚገኘውን ሃይድ ፓርክ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1536 ለአደን ያዘው፤ ለሕዝብ የተከፈተው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በ1637 ነው። በዚህ ዓይነት ቃሉ መናፈሻ ለማለትም ዋለ። ወታደሮችም መድፍና ጋሪ ሰብስበው የሚያቆሙበትን ስፍራ «ፓርክ» አሉት፤ መኪና በመጣ ጊዜ ማቆሙ በዚሁ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ የሎውስቶንን ስትከልል ደግሞ አጥሩ ለአዳኝ መሆኑ ቀርቶ ለሀገር ቅርስ ሆነ።

የእኛው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ።

እንግዲህ የቃሉ ሥር አጥር እንደ ሆነ አየን። በአማርኛችንም «ከለለ» እና «ከለከለ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን። የመጀመሪያው መጠበቅ፣ ሁለተኛው ማገድ ነው። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ሌላ አገር የለውም፤ ካልተከለለ ይጠፋል። ይሁን እንጂ አጥሩ ከብቱን ለሚያሰማራውና ገብሱን ለሚዘራው ገበሬ ክልከላ ብቻ ሆኖ ከታየው፣ ቃሉ ወደ ጥንቱ የመኳንንት ትርጉም ተመለሰ ማለት ነው። አጥሩ ለዋልያውም ለሰውም ጥላ የሚሆነው ጥቅሙ የሚደርሰው ሰው አብሮ ሲጠብቀው ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ በሰፈራችሁ «ፓርክ» ሲባል ሰው የሚያስበው መከለልን ነው ወይስ መከልከልን? ከግጭ የመጡትን አባቶችና እናቶች ጠይቃችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋገሩበት።