ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ስለሚገባው ነገር

የጉልበትን፥ የጣትንና የወገብን ሕመም ብዙ ሰው ቁርጥማት ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል። ነገር ግን የመገጣጠሚያ ሕመም ከ100 የሚበልጥ ዓይነት አለው፤ መድኃኒቱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ሐኪሙ ደምና የራጅ ሥዕል ቢመረምርም አስቀድሞ መንገድ የሚመራው የሕመምተኛው ቃል ነው። ሩቅ አገር ተጉዞ የደረሰ ሽማግሌ «እንዲያው ሁለንተናዬን ያመኛል» ብቻ ብሎ ቢመለስ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት የሚከተለው በወረቀት ይጻፍ፤ መጻፍ ለማይችልም ሰው መምህሩ ይጻፍለት።

1ኛ፤ ሕመሙ የጀመረበት ወር፤ ድንገት ወይስ ቀስ በቀስ እንደ መጣ።

2ኛ፤ የሚያመው ስፍራ፤ በአንድ ወገን ወይስ በቀኝና በግራ እንደ ሆነ፤ እብጠት፥ መቅላት ወይም ማተኰስ ቢኖርበት።

3ኛ፤ ጧት ሲነሡ መገጣጠሚያው ደርቆ የሚቈይበት ጊዜ። መገጣጠሚያው ከመበላቱ የተነሣ የሚመጣው ድርቀት ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ይፍታታል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያቈያል፤ ቶሎ ካልታከመም መገጣጠሚያን አፍርሶ ጣትን ያጣምማል። እንግዲህ «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባም።

4ኛ፤ የተወሰደው መድኃኒት ሁሉ፤ ከሱቅ የተገዛው ክኒን፥ ሥራ ሥሩና ቅጠሉም ሳይቀር። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ጨጓራን ያደማል፥ ኵላሊትንም ይጐዳልና የጨጓራ፥ የኵላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ይናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

5ኛ፤ ከዘመድ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ቢኖር፤ ደግሞም ሕመሙ የከለከለው ሥራ፤ ማረስ፥ እንስራ ማንሣት፥ ብዕር መያዝ ወይም መስገድ እንደ ሆነ።

ሐኪሙንም «የሕመሜ ስም ምንድር ነው? መድኃኒቱን እስከ መቼ እወስዳለሁ? ምን ሲታይብኝ ልመለስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቀን የማይሰጥ ሕመምም አለ። አንድ መገጣጠሚያ ድንገት አብጦ ቢያተኵስ፥ ሰውነትም ቢግል፥ ተሐዋሲ ገብቶበት ይሆናልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

መምህራን ሆይ፥ ጉሮሮውን ታሞ የነበረ ተማሪ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዞት ሕመሙ ከጉልበት ወደ ክርን ቢዘዋወር፥ ሰነፈ ብላችሁ አትቅጡት። የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የልብን ቫልቭ ያበላሻል። ወላጆቹን ጠርታችሁ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ስደዱት፤ ያያችሁትንም ጽፋችሁ በእጁ ስጡት።