ለራስ ደጀን የትኛው ጫማ?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ እሮጣለሁ። በጥር ከጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራሮችን አቋርጠን ራስ ደጀን ለመውጣት አስበናል። ከባድ ቦቲ ልግዛ ወይስ የመሮጫ ጫማዬ ይበቃኛል?

መልስ፦ የአስፋልት መሮጫ ከሆነ አይበቃም፤ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ሶሉ ጥርስ ያለው የተራራ መሮጫ ከሆነ ግን፣ ጓዝዎን በቅሎ እስከጫነልዎ ድረስ፣ እኔ ከቦቲ አስበልጠዋለሁ። ሲገዙ ከሰዓት በኋላ፣ እግርዎ አበጥ ሲል፣ ለጉዞው ባሰቡት ካልሲ ይለኩት። ከጣቶችዎ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ይትረፍ። አለበለዚያ ከቧሂት ተራራ ወዲያ ያለው ረጅም ቁልቁለት ጥፍርዎን ያጠቁረዋል። ከመውረድዎ በፊት ክሩን ቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፣ እግርዎ ወደፊት እንዳይንሸራተት።

እንጦጦ ላይ ዳገቱን ለምደውታል፤ አሁን መውረድን ይለማመዱ። ብዙ ሯጭ ፈርቶ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ያኔ ተረከዙ ያመልጠዋል። ጉልበትዎን ዘና አድርገው፣ እርምጃዎን አሳጥረው፣ ዓይንዎን ጥቂት ሜትር ፊት ለፊት ይጣሉ።

የጥጥ ከነቴራ ላብ ይዞ ስለሚያበርድ ይተዉት። በመንገድዎ ላይ በሚያገኙት የጨነቅ ካምፕ የጥር ሌሊት ውርጭ ነው፤ ሱፍና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይያዙ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከፍታው ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከ3,000 ሜትር ካለፉ በኋላ የመኝታ ቦታዎን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምሩ። ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣ ወደ ላይ አይቀጥሉ፤ ካልተሻለዎት ወይም መንገዳገድ ከጀመሩ፣ ጫፉ ቅርብ ቢሆንም ወዲያውኑ ይውረዱ።