ልጡ የተላጠ ዛፍ ለምን ይደርቃል?

የዛሬው የሳይንስ አምዳችን በዕፅዋት ውስጥ ውሃና ምግብ እንዴት እንደሚጓጓዝ ያያል። "ዛይለም ውሃ፣ ፍሎየም ምግብ" የምትለዋን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናታል። ከዚያ ወዲያ ግን ብዙም አንጠይቅም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዙሪያውን ተልጦ የቆመ ዛፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አህያ ታስሮበት ገመድ የበላው፣ ወይም ሰው ለማሰሪያ ብሎ ልጡን የወሰደበት ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ እኮ ወዲያው አይደርቅም። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ሰውም "ይኸው ምንም አልሆነ" ይላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይጠወልግና ይደርቃል። ታዲያ ሊደርቅ ከሆነ ለምን ያኔውኑ አልደረቀም?

መልሱን ለማግኘት ከውሃው እንጀምር። ሥር ላይ በዓይን የማይታዩ እስኪመስሉ ድረስ የቀጠኑ ፀጉረ ሥሮች አሉ። ውሃንና በውሃ የሟሙ ማዕድናትን ከአፈር የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። በክረምት ችግኝ ስንተክል ከፌስታሉ በኃይል መንጭቀን ካወጣነው የሚበጣጠሱት እነዚሁ ናቸው፤ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ችግኙ የሚጠወልገውም ለዚህ ነው። ውሃው ከሥር ተነሥቶ በዛይለም በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ዛይለም ሕይወት የሌላቸው ሴሎች ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥመው የሠሩት ቧንቧ ነው። ያለው ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ነው፤ ቅርፊቱ ላይ አይደለም። ይህችን ያዙልኝ።

የእኛን ደም ልብ ይገፋዋል። ዛፍ ግን ልብ የለውም። ታዲያ ያን የሚያህል ባሕር ዛፍ ጫፉ ድረስ ውሃ የሚያወጣለት ማነው? የሚያወጣው ቅጠሉ ነው። ቅጠል ላይ፣ በተለይ በጀርባው በኩል፣ ስቶማታ የሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ፀሐይ ስትወጣ ውሃ በእነሱ በኩል ተንኖ ይወጣል። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ አንዱ ሲወጣ ከኋላው ያለውን ይስበዋል፤ ያም ሌላውን፣ እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ድረስ።

ለእኛ ለጋፋት ልጆች ይህንን መረዳት ከባድ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወሰድ በዚያ ሁሉ አቀበት ከፊት ሆኖ በገመድ የሚስበው ብዙ ሰው ነበር። ውሃውም እንደዚያው ከላይ ይሳባል፤ ገመዱ ራሱ ውሃው ነው። ገመድ ሊበጠስ ይችላል፤ ቧንቧው ውስጥ አየር ከገባ የውሃው ሰንሰለት እዚያ ላይ ይቋረጣል። የተቀጠፈ አበባ ውሃ ውስጥ ቆሞም ቶሎ የሚጠወልግበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ሥር ከሚስበው ውሃ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ የሚሆነው ተንኖ ነው የሚሄደው፤ ተክሉ ለራሱ የሚያስቀረው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ስኳሩ። ቅጠል በብርሃን አስተፃምሮ ስኳር ይሠራል። ሥር ግን አፈር ውስጥ ጨለማ ላይ ነው ያለው፤ የራሱን ምግብ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ከቅጠል ይላክለታል። የሚላክለት በፍሎየም ነው። ፍሎየም ሕያው ሴሎች ያሉት መስመር ሲሆን የሚገኘው በውስጠኛው ቅርፊት፣ ማለትም አባቶቻችን ልጥ በሚሉት ውስጥ ነው!

ፍሎየም እንደ ዛይለም አይስብም፤ ይገፋል። ቅጠል ስኳሩን ፍሎየም ውስጥ ሲጨምር ከጎን ካለው ዛይለም ውሃ በኦስሞሲስ ይገባል፣ ግፊት ይፈጠራል፣ ጭማቂውም ስኳር ወደሚፈለግበት ይሄዳል። ክሽክሽ ይህን ግፊት በደንብ ያውቃል። አፉን ባቄላው ፍሎየም ላይ ሰክቶ ይቀመጣል፤ ጭማቂው በራሱ ግፊት ይመጣለታል። የተረፈውን ጣፋጭ ፈሳሽ ከኋላው ስለሚያወጣ ጉንዳን ይከተለዋል።

ብዙዎቻችን ፈተና ላይ "ፍሎየም ምግብ ወደ ታች ብቻ ያጓጉዛል" ብለን እንጽፋለን። ልክ አይደለም። ፋርጣና ጉና አካባቢ የሚዘራውን ድንች ተመልከቱ። የዘር ድንቹ አፈር ውስጥ ሲያቆጠቁጥ ምግቡ ከድንቹ ወደ ላይ፣ ወደ ቡቃያው ይሄዳል። ቅጠሉ ካደገ በኋላ ደግሞ ከቅጠል ወደ ታች ወርዶ አዲሱን ድንች ይሞላል። ቅጠሉን ውርጭ ወይም በሽታ ቀድሞ ከፈጀው ከሥር የሚወጣው ድንች ትንንሽ የሚሆነው የሚልክለት ስላጣ ነው። (በነገራችን ላይ ድንች ሥር አይደለም፤ አፈር ውስጥ ያበጠ ግንድ ነው። "ዓይኑ" ቡቃያ የሚያወጣውም ለዚህ ነው።)

ወደ ተላጠው ዛፋችን እንመለስ። ልጡ ዙሪያውን ሲላጥ እንጨቱ ውስጥ ያለው ዛይለም አልተነካም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ውሃ ያገኛል፣ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የተቆረጠው ወደ ሥር የሚሄደው የስኳር መንገድ ነው። ሥሩ ያጠራቀመውን ስታርች እየበላ ይሰነብታል። ያ ሲያልቅ ይሞታል። ሥር ሲሞት ደግሞ ውሃ የሚቀበል የለም፤ ቅጠሉ የሚረግፈው ያኔ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ግንድ ዙሪያውን ልጦ ሲያይ ከቁስሉ በላይ ያለው ክፍል አብጦ አገኘው፤ መውረጃ ያጣ ምግብ እዚያ ተከማችቶ ነው። ባሕር ዛፍ አንዳንዴ ከቁስሉ በታች አቆጥቁጦ ይተርፋል፤ ሌላው ሁሉ ግን እንደሱ አይደለም። ልጡ በአንድ ጎን ብቻ ከተነሣና የቀረው ከላይ እስከ ታች ከተያያዘ ዛፉ ሊተርፍ ይችላል።

በቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አክርማ የሚነከርበትን ቀይ ቀለም በብርጭቆ ውሃ በጥብጡና አገዳው ነጣ ያለ የጎመን ቅጠል አቁሙበት። በማግሥቱ አገዳውን አግድም ቆርጣችሁ እዩት፤ የቀሉት ነጠብጣቦች ዛይለም ናቸው። ጎመኑን እንዳትበሉት! ሁለተኛው፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ያለ ቅጠላም ቅርንጫፍን በንጹሕ ነጭ ፌስታል ሸፍናችሁ እሰሩና ከሰዓት በኋላ ውስጡ ስንት ጠብታ እንደያዘ ተመልከቱ። ጥላ ውስጥ ካለ ቅርንጫፍ ጋር አወዳድራችሁ ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።